ሽል የሌለው ገብስ ብቅል ይሆናል? ከድሬዳዋ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ቀፊራ ገበያ ገብስ ፍለጋ ወጣሁ። የምፈልገው ሰነፍ ቆሎ ነው፤ ሳይፈተግ ቅርፊቱን የሚለቀው ዓይነት። ሻጯ «ለቆሎ ከሆነ የተቆላ አለኝ» አለችኝ። የተቆላ አይሆነኝም፤ ነፍስ ያለው ፍሬ ነው የምፈልገው። ዝርዝሩን ብነግራት የምታምነኝ ስላልመሰለኝ «ለዘር ነው» ብዬ አለፍኩት። ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ከዚያ ውስጥ የምጠቀመው እፍኝ እንኳን አይሞላም።

ነገሩ የተጀመረው ከግቢያችን ነው። ታኅሣሥ ስለሆነ እማማ ለበዓል ብቅል እያበቀሉ ነው። የእህቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከብቅሉ አንድ ፍሬ አኘከና «አቦ፣ ይሄ ይጣፍጣል! ገብሱ ግን አይጣፍጥም» አለ። እማማም «ሲበቅል ይጣፍጣላ!» ብለው ዘጉት። ልክ ናቸው። ግን ስታርቹን የሚሰባብረው ዋናው ኤንዛይም፣ አልፋ-አሚሌዝ፣ ደረቁ ፍሬ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ፍሬው ውሃ ሲጠጣ ነው የሚሠራው። እንዲሠራ ያዘዘው ማነው? ትእዛዙስ ጂኑ ጋ እንዴት ደረሰ? ይሄን በወጥ ቤት ዕቃ ማሳየት ይቻላል ብዬ ለልጁ ቃል ገባሁለት።

ፍሬው ውስጥ ያለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጫፉ ላይ ሽሉ አለ፤ ተክል የሚሆነው እሱ ነው። መሃሉን የሞላው ነጭ ክፍል የስታርች ክምችት ነው፤ ሴሎቹ ፍሬው ሲበስል ሞተዋል። ይሄን የሞተ ክምችት የከበበው ስስ ሽፋን አሊውሮን ይባላል። በስንዴ አንድ ሴል፣ በገብስ ሦስት ሴል ያህል ውፍረት አለው። እሱ በሕይወት አለ። ኤንዛይሙን በብዛት የሚሠራው አሊውሮን ነው፤ «ጀምር» የሚለውን ምልክት የሚልከው ደግሞ ሽሉ። ምልክቱ ጂበረሊን የሚባል ሆርሞን ነው።

ስለዚህ ሽሉን ቆርጬ ብጥለው ቀሪው ግማሽ ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። በሽሉ ፈንታ እኔ ጂበረሊን ብሰጠውስ?

ቅዳሜ ከሰዓት

አዲስ ምላጭ፣ የእንጨት መክተፊያ፣ ጥሩ ብርሃን። ፍሬው ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ሲቀመጥ በአንደኛው ጫፍ ትንሽ ስርጉድ ያለች፣ ጠቆር ያለች ቦታ ትታያለች። ሽሉ እዚያ ነው። ፍሬውን ወገቡ ላይ እቆርጠዋለሁ፤ ሽል ያለው ወደ ግራ፣ የሌለው ወደ ቀኝ። ምላጩ ከደነዘዘ ፍሬው ይፈረካከሳልና ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። የተቆረጠውን ፊት በአጉሊ መነጽር ስታዩት መሃሉ እንደ ኖራ ነጭ ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ቢጫነት ያለው፣ ፈዘዝ ያለ ስስ መስመር ይዞረዋል። የምንፈልገው ያ መስመር ነው።

እማማ ከበራቸው ላይ ሆነው «ምስኪን ገብስ፣ ምን አደረጋችሁ?» አሉ። ቆይተው ደግሞ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ፈጥነው በትክክል ይቆርጡ ጀመር።

አራት ዓይነት ብልቃጥ ተዘጋጀ። ሀ፦ ሽል ያለው ግማሽ በውሃ። ለ፦ ሽል የሌለው በውሃ። ሐ፦ ሽል የሌለው ጂበረሊን የተጨመረበት። መ፦ ሽል የሌለው ሆኖ አስቀድሞ የተቀቀለ፣ ጂበረሊን የተጨመረበት። መ ለብዙ ሰው ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሆርሞኑ ራሱ ስታርች የሚበላ ከሆነ መ ላይም ይታያል። ካልበላ ሥራው የሌላ ነው፤ ሕይወት ያለው ሴል ያስፈልገዋል ማለት ነው።

እሁድ

ቀኑን ሙሉ ዝግጅት። ጂበረሊኑን ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ በትንሽ ብልቃጥ መዝኖ ሰጠኝ፤ 100 ሚሊ ግራም ነጭ ዱቄት። በጥቂት አልኮል አርሼ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጠበጥኩት። ከዚያ በስሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ወስጄ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨመርኩ። አሁን በሊትር 1 ሚሊ ግራም ነው ያለው። ከዚህም ባነሰ ይሠራል። ሆርሞን ማለት እንዲህ ነው፤ ብዛት አይጠይቅም።

ካልሲየም ያስፈልጋል። አልፋ-አሚሌዝ ያለ ካልሲየም አይጸናም። የድሬ ውሃ ካልሲየም አያጣም፤ የማንቆርቆሪያውን ቂጥ ያየ ያውቀዋል። ችግሩ ውሃው ሲፈላ ካልሲየሙ ድንጋይ ሆኖ ማንቆርቆሪያው ላይ ይቀራል፤ እኔ ደግሞ የምጠቀመው የፈላ ውሃ ነው። መፍትሔው የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን ፈጭቼ ኮምጣጤ አፈሰስኩበት፣ አረፋው እስኪቆም ጠበቅሁ፣ አጠለልኩት። ከዚያ ጥቂት ጥቂት ጠብታ ለሁሉም ብልቃጥ።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ከፋርማሲ ቲንክቸር አዮዲን፣ ከሱቅ የበቆሎ ስታርች። ስታርቹን በውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርቹ ተበልቶ ካለቀ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ብዙዎች በስታርች የረጋ ጄል ላይ ነው የሚሠሩት። ጄላቲን አስቤ ነበር፤ በድሬ ሙቀት ሳህን ላይ ቀልጦ ይፈሳል። ስለዚህ ጆሮ የሌላቸው የቡና ሲኒዎች ተሰበሰቡ። ውስጣቸው ነጭ ነው፤ ለቀለም ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም።

ቴርሞሜትሩ ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ ተገዛ። እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ፦ ጂበረሊንን ለማግኘት መንገድ የከፈተው ኩሮሳዋ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1926 ሙከራውን የሠራው ታይዋን ነው። የድሬው ገበያ ሳይሆን ደሴቱ። ሩዝን ያለ ቅጥ አስረዝሞ የሚጥል የፈንገስ በሽታ ነበር። ፈንገሱ ያደገበትን ውሃ አጥልሎ፣ ፈንገሱ ራሱ ሳይኖር፣ ለሩዝ ሲሰጠው ሩዙ ተመዘዘ። ንጥረ ነገሩን ሌሎች ጃፓናውያን በ1930ዎቹ ለይተው አወጡት።

ማክሰኞ

የመጀመሪያው ዙር ተበላሸ። ለ ላይ፣ ዝም ማለት የሚገባው ብልቃጥ ላይ፣ ስታርቹ ተበልቶ አደረ። ጠረኑም ይናገራል፤ ጎምዝዟል። ባክቴሪያና ሻጋታም አሚሌዝ ይሠራሉ፣ እኛን አይጠብቁም። ለ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው፤ እሱ ካልታመነ የሐ ውጤት ምንም አይናገርም። ሁሉም ተደፋ።

አሁን ፍሬዎቹ ሳይቆረጡ በተቀጠነ በረኪና ውስጥ 20 ደቂቃ ተዘፈዘፉ። በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ ታጠቡ። ምላጩ በአልኮል፣ ብልቃጦቹ በፈላ ውሃ። ግማሾቹ ጂበረሊን ከማግኘታቸው በፊት ውሃ ጠጥተው መራስ አለባቸው፤ ሁለት ቀን ያህል። የታኅሣሥ ድሬ ለዚህ ምቹ ነው። ላብራቶሪዎች የገብስ አሊውሮን የሚያቆዩት 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የኛ ሳሎንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ግንቦት ላይ ቢሆን አልሞክረውም ነበር።

ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ጂበረሊን ሐ እና መ ውስጥ ገባ። ለ ያው ውሃ ብቻ ነው።

5 ሰዓት

ከእያንዳንዱ ብልቃጥ አንድ ማንኪያ ውሃ ተቀዳ። በቀጥታ ስታርች ላይ አይጨመርም። አስቀድሞ 70 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ምክንያት አለኝ። ገብስ ቤታ-አሚሌዝ የሚባል ሌላ ኤንዛይም ከመጀመሪያውኑ ደረቁ ፍሬ ውስጥ አስቀምጧል። እሱ የድሮ ክምችት ነው፤ በዛሬው ትእዛዝ የተሠራ አይደለም። 70 ዲግሪን አይችልም። አልፋ-አሚሌዝ ግን ካልሲየም ካለው ይችላል። ስለዚህ ከሙቀቱ የተረፈው አዲስ የተሠራው ነው።

ውጤት፦ ለ፣ ሐ፣ መ ሦስቱም ጥቁር ሰማያዊ። ሀ ብቻ፣ ቀድሞ ከሽሉ ሆርሞን ሲያገኝ የቆየው፣ ቢጫ ሆኗል።

ልጁ «ሐ አልሠራም» አለ። «ጠብቅ» አልኩት።

እስከ ቀጣዩ ናሙና ድረስ

የሚሠራ ነገር ስለሌለ፣ አሁን ሐ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ልጻፍ። በዓይን አይታይም፤ ግን በደንብ የተጠና ነው።

በ1960 ፔሌግ በአውስትራሊያ፣ ዮሞ በጃፓን፣ ሳይመካከሩ አንድ ነገር አገኙ፤ ሽል የሌለው ገብስ ጂበረሊን ሲሰጠው አሚሌዝ ያወጣል። እኛ የምንደግመው ይሄን ነው። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ኤንዛይሙ ተደብቆ ኖሮ ነው የወጣው ወይስ አዲስ ተሠራ የሚል ነበር። በ1967 ፊልነርና ቫርነር ለገብሱ ክብደት ያለው ኦክስጅን የያዘ ውሃ አጠጡት። የወጣው አሚሌዝ ከተለመደው ከብዶ ተገኘ። ተደብቆ የኖረ ቢሆን አይከብድም ነበር። አዲስ የተሠራ ነው ማለት ነው። ይሄን ሙከራ ሳስበው ሁሌም ይገርመኛል፤ እንደዚያ ያለ ጥያቄ በሚዛን መለሱት።

አሁን ጂኑ ጋ እንሂድ። ብዙ ሰው ሆርሞን ሲባል «ሥራ!» ብሎ የሚጮህ አለቃ ይመስለዋል። እዚህ ግን ነገሩ ወዲህ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን የቆመ ባጃጅ አስቡ። ጂበረሊን ነዳጅ አይጨምርም፤ ፍሬኑን ያስለቅቃል።

ፍሬኑ ዴላ የሚባል የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። ሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ተቀምጦ የአሚሌዝ ጂን እንዳይነበብ ያግዳል። ጂበረሊን ሲመጣ ጂአይዲ-1 የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ኪሱ ላዩ ይዘጋል። ይሄኛውን ተቀባይ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2005 በሩዝ ላይ ነው ያገኙት። ኪሱ የተዘጋው ተቀባይ ዴላን ይይዘዋል። የተያዘው ዴላ ላይ ዩቢኩቲን የሚባል ምልክት ይለጠፍበታል። ምልክት የተለጠፈበትን ፕሮቲን ፕሮቲያሶም የሚባለው የሴሉ ማሽን ይቆራርጠዋል። ዴላ ጠፋ። ይሄ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚሆነው።

ዴላ ሲጠፋ ጋሚብ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይሠራል። እሱ ዲኤንኤው ላይ ከአሚሌዝ ጂን ፊት ለፊት ያለችን አጭር ጽሑፍ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ፊደሎቿ ቲ-ኤ-ኤ-ሲ-ኤ-ኤ-ኤ ናቸው። ያኔ ጂኑ ይነበባል፣ መልእክተኛ አርኤንኤ ይወጣል፣ ከእሱ ኤንዛይሙ ይሠራል፣ ኤንዛይሙም ከሴሉ ውጭ ወደ ስታርቹ ይፈስሳል። ፍሬኑ ቶሎ ይለቃል፤ ጂኑን ማንበብ፣ ኤንዛይሙን መሥራትና ማስወጣት ግን ሰዓታት ይፈጃል። አሚሌዙ በደንብ መታየት የሚጀምረው ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ሐ ረፋዱ ላይ ሰማያዊ መሆኑ ስለዚህ አላስጨነቀኝም። እንዲያውም በአምስት ደቂቃ ቢጫ ቢሆን ኖሮ ነበር የምጨነቀው።

ፍሬን ማስለቀቅ የጂበረሊን ብቻ አይደለም። ኦክሲን የሚባለው ሌላው የተክል ሆርሞንም እንዲሁ ነው፤ ተቀባዩ በዚያው በ2005 ሲታወቅ ሥራው አጋጅ ፕሮቲኖችን ለቆራጩ ማሽን ማቀበል መሆኑ ታየ። ጃስሞኔት የሚባለው፣ ተክል በተባይ ሲበላ የሚያነሳው ሆርሞን፣ በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚሄደው። ስትራይጎላክቶንም እንዲሁ። ይሄ የመጨረሻው ለሐረርጌ ሰው ቅርብ ነው። ማሽላ ከሥሩ ስትራይጎላክቶን አፈር ውስጥ ይለቃል፤ አቀንጭራ ያንን ሲያገኝ ይበቅልና ማሽላውን ይጣበቀዋል። እዚሁ ዓለማያ የተማሩት ገቢሳ ኤጄታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው ነው። ከዚያ ማሽላ አንዳንዱ የሚለቀው የስትራይጎላክቶን ዓይነት የተለየ ነው፤ አቀንጭራውን አይቀሰቅሰውም።

ከሰዓት፣ 9 ሰዓት

ሐ ሰማያዊ ነው፤ ግን አልተኛም። ስታርቹ ላይ ከጨመርነው ከቆይታ በኋላ ጠርዙ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነብላል። ለ እና መ ንቅንቅ የለም።

ማታ 2 ሰዓት

የሐ ናሙና ከስታርች ጋር ተቀላቀለ። ሲኒዎቹ ተደረደሩ። በየሁለት ደቂቃው ከድብልቁ አንድ ጠብታ ሲኒ ውስጥ፣ ላዩ ላይ አንድ ጠብታ አዮዲን። የአንደኛው ሲኒ ቀለም ጥቁር ሰማያዊ። ሁለተኛው ያው። ሦስተኛው ወይን ጠጅ። ከዚያ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ከዚያ ቡናማ፣ መጨረሻ ላይ የአዮዲኑ የራሱ ቢጫ። ቀዩ መሃል ላይ የሚመጣው ስታርቹ ተቆራርጦ፣ ግን ገና ስኳር ሳይሆን ሲቀር ነው። ረጅሙ ሰንሰለት ሰማያዊ፣ መካከለኛው ቀይ፣ አጭሩ ቀለም የለውም።

ለ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ። መ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ። ልጁ የ«መ»ን ሲኒ አንስቶ ቆየና «ሆርሞኑ ብቻውን ምንም አያደርግም ማለት ነው?» አለ። አዎ። ሴሉ ከሞተ የሚለቀቅ ፍሬንም የለም፣ የሚነበብ ጂንም የለም።

አርብ ጠዋት

ሐ አሁን ስታርቹን ሁለተኛው ሲኒ ላይ ሳይደርስ ይጨርሰዋል። ከሀ ጋር ስናስተያየው ብዙ ልዩነት የለም። ሽሉ የሠራውን ሥራ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ዱቄት ተክቶታል።

«ለ»ን ሳናሞቀው ሞከርነው። ድብልቁ ቀስ እያለ ወደ ወይን ጠጅ ሄደና እዚያው ቆመ። ቢጫ አልሆነም። ይሄ ቤታ-አሚሌዝ ነው። ሰንሰለቱን ከጫፉ እየቆረጠ ይገባና ቅርንጫፍ ሲያገኝ ይቆማል። መሃል ገብቶ የሚቆርጠው አልፋ ነው። የማሞቁን ደረጃ የሚዘልሉ ሰዎች «ሽል የሌለውም ይሠራል» ብለው የሚደመድሙት በዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቅዳሜ

የእማማ ብቅል ተራ። በፀሐይ ደርቆ የተፈጨውን ትንሽ በውሃ በጥብጠን አጠለልነው፣ አሞቅነው፣ ስታርች ላይ ጨመርነው። አንዲት ሲኒ ብቻ ሰማያዊ፤ ቀጣይዋ ቢጫ። ኃይለኛ ነው። አሻሮውን ሞከርነው፤ ምንም። እሳት ያየ ገብስ ኤንዛይም የለውም፣ ጠላ ውስጥ የራሱን ስታርች የሚያስበላው ከብቅሉ ተበድሮ ነው።

እማማን ብቅሉን መቼ እንደሚያቆሙት ጠየቅኋቸው። «ሥሩ ሲያያዝ፣ ቡቃያው ሳይረዝም» አሉ። ምክንያቱ አሁን ይታየኛል። ቀድመው ቢያደርቁት አሊውሮኑ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ቢያዘገዩት ቡቃያው ስኳሩን ለራሱ ይበላዋል። በአንዳንድ አገር ያሉ የብቅል ፋብሪካዎች ጊዜ ለማሳጠር ጂበረሊን ይረጫሉ። እማማ ሲሰሙ «እንዲህ ያለ ጠላ ይጠጣል?» አሉ። ዱቄቱ ባዕድ ነገር ሳይሆን ገብሱም ራሱ የሚሠራው እንደሆነ ብነግራቸውም ፊታቸው አልተፈታም።

ማክሰኞ

ጓደኛዬ ሌላ ብልቃጥ ላከልኝ፤ አብሲሲክ አሲድ፣ 10 ሚሊ ግራም። ብርሃን ስለማይወድ በፎይል ተጠቅልሏል። ይሄ የድርቅ ሆርሞን ነው። ውሃ ሲጠፋ ቅጠል ትንፋሽ መውጫዎቹን የሚዘጋበት፣ ፍሬም እናቱ ላይ እያለ እንዳይበቅል የሚያደርገው። የእሱ ተቀባዮች በ2009 ነው የታወቁት። እዚያም ያው ጨዋታ ነው፤ ተቀባዩ ሆርሞኑን ሲይዝ ሥራ የሚያግድን ኤንዛይም ያግደዋል። የማገጃ ማገጃ።

አዲስ ብልቃጥ፣ ሠ፦ ሽል የሌለው፣ የራሰ፣ ጂበረሊን በሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ አብሲሲክ አሲድ በሊትር 20 ሚሊ ግራም። ከጎኑ አዲስ ሐ። በረኪናው፣ ካልሲየሙ፣ ሁሉም ያው።

ረቡዕ ጠዋት

ሐ ቢጫ። ሠ ሰማያዊ።

ንጹህ ሰማያዊ አይደለም፤ በረጅም ቆይታ ጠርዙ ትንሽ ይደበዝዛል። ግን ከሐ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ማንም አይሳሳትም። ጂበረሊኑ አለ፣ አሊውሮኑ በሕይወት አለ፣ ኤንዛይሙ ግን የለም። ነዶው ማሳ ላይ እያለ ያለ ወቅቱ ዝናብ መትቶት የበቀለ ገብስ ያየ ገበሬ የዚህን ተቃራኒ አይቷል፤ እዚያ አብሲሲኩ ተሸንፏል።

ልጁ የአብሲሲኩን መጠን በግማሽ፣ ከዚያ በሩብ እየቀነስን የት ላይ እንደሚሸነፍ እንይ ብሏል። ሲኒ ይበቃል። ዱቄቱም ለአንድ ዙር ይደርሳል።